ቶፉ የሸናበት መጽሐፍ ባህል ያስተምራል ወይ?

የዛሬው ጥያቄ ከአንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስፍረው። «በቻይንኛ የተጻፉ የልጆች የሥዕል መጻሕፍት በስጦታ ደረሱን። ቻይንኛ የተማረች ጎረቤቴ በቃሏ ወደ አማርኛ እየመለሰችልኝ ለልጆቹ አነበብንላቸው። አንደኛው አትክልቶች ጦርነት የሚገጥሙበት ነው። መጨረሻው አካባቢ ቶፉው (ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ እንደ አይብ የረጋ ምግብ ነው) ይሸናል። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ሁለት ወላጆች ግን ‹የሌላ አገር ባህል ይማሩ ስንል ይሄ ምን ቧልት ነው?› ብለው መጡ። መጽሐፉ ጨዋታ ብቻ ነው ወይስ ባህልም ያስተላልፋል? ካስተላለፈስ በየት በኩል?»

መምህርት፣ መጽሐፉን ገና ሲገልጹት አወቅኩት። በጣም የምወደው ስለሆነ መልሴ ቢረዝም አይፍረዱብኝ። አጭሩ መልስ «አዎ፣ ያስተላልፋል» ነው። ባህሉም የተቀመጠው እዚያው ወላጆቹ ቧልት ያሉት ቦታ ላይ ነው።

ሥዕሉን የሠራው ጆው ሺያንግ ነው። ቃሉ ግን በሰሜን ቻይና ልጆች ሲያዜሙት የኖረ የቆየ ግጥም ነው። ነገሩ እንዲህ ይጀምራል። ከከተማው በር ወጥቶ በስተምሥራቅ አንድ የአትክልት ቦታ አለ። ሰሞኑን ዞር ብሎ ያየው ሰው የለም። አትክልቶቹ በሙሉ «ጂንግ» ሆኑ።

እዚች ጋ ትንሽ እንቁም። ጂንግ በቻይና የድሮ ተረቶች ውስጥ የታወቀ ነገር ነው። ቀበሮ፣ ዛፍ፣ ድንጋይ ሳይቀር ብዙ ዘመን ከቆየ ነፍስ ይዘራል፣ የሰው መልክ ይይዛል ይባላል። መቶ ዓመት፣ አምስት መቶ ዓመት፣ ሺህ ዓመት። እዚህ ግን የፈጀው ጥቂት ቀን ነው። ባለቤቱ ዞር ከማለቱ ራዲሹ (ሥሩ የሚበላ አትክልት ነው) ነፍስ ዘርቶ ጠበቀው። ቀልዱ ይሄ ነው። ቀልዱ የሚሠራው ግን እምነቱ ከበስተኋላ ስላለ ነው። የቻይና ልጅ ስለ ጂንግ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳውም። መጀመሪያ ሳቀበት። ቆይቶ ስለ ሺህ ዓመት ቀበሮ ሲሰማ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

አናቱ አረንጓዴ የሆነው ራዲሽ ራሱን ንጉሥ ብሎ ሾመ። አናቷ ቀይ የሆነችው ንግሥት ሆነች። ጎረቤት ያለው የሎተስ ሥር (ሎተስ የውሃ አበባ ነው፤ ሥሩ ይበላል) ይሄን ሲሰማ ደሙ ፈላ። የጦርነት ደብዳቤ ላከ። ወሬውን ይዞ እየሮጠ መጥቶ ንጉሡ ፊት የሚንበረከከው በቆልት ነው። በቆልት እንዴት እንደሚያቆጠቁጥ ያውቁታል፤ አንገቱን ደፍቶ ነው። ታዲያ ለንጉሥ የሚንበረከክ መልእክተኛ ከእሱ የተሻለ ከየት ይመጣል? ካሮት የጦር አዛዥ ተባለ። ለጋ ሽንኩርት ነጩን አገዳውን እንደ ብር ጦር አሹሎ ወደፊት ተወረወረ። ደበርጃን ሆዱን ነፋ አድርጎ ጠበቀው። ሽንኩርቱ ከሆዱ ጋር ተላትሞ ወደ ኋላ ነጠረና በአናቱ ተተከለ።

ይህቺ መስመር ለብቻዋ አንድ ትምህርት ናት። በቻይንኛ አንድ ሰው በአናቱ ሲወድቅ «እንደ ሽንኩርት ተገልብጦ ተተከለ» ይባላል። የዕለት ተዕለት አነጋገር ነው። መጽሐፉ ውስጥ እውነተኛው ሽንኩርት በእውነት ተገልብጦ ይተከላል። አባባሉን የሚያውቅ ልጅ ይስቃል። የማያውቀው ደግሞ ሥዕሉን አይቶ ይስቅና ከዓመት በኋላ አያቱ ከብስክሌት ስለወደቀ ሰው ስታወራ «ሽንኩርቱ!» ይላል። ቋንቋ የሚተላለፈው እንዲህ ነው።

ከዚያ ኪያር የቲያትር ተዋጊ ይመስል በእግሩ መሬቱን ጠርጎ ይመታል። ቀጥሎ መድፍ ይተኮሳል፤ መድፉ ቅል ነው። ያ ሁሉ ተኩስ ካበቃ በኋላ ነጭ ሽንኩርት ተፈልቅቆ ይገኛል። ቃሪያው በሙሉ ቀላ። ደበርጃኑ በልዞ ወይን ጠጅ ሆነ። ቶፉ በፍርሃት ቢጫ ውሃ ሸና። የሎተሱ ንጉሥም አልቻለም፤ በአናቱ ጭቃ ውስጥ ገባ። እስከ ዛሬም እዚያው ነው፤ የሎተስ ሥር የሚለቀመው ከኩሬ ጭቃ ነውና።

ቶፉውን ለወላጆቹ እንዲህ ይንገሯቸው። ቶፉ ሲሠራ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይጫናል። ሲጫን ቢጫ ውሃ ያንጠባጥባል። እኛ ቤት አይብ ሲጠነፈፍ አጓቱ እንደሚወርደው ማለት ነው። ከአያቱ ጋር ገበያ የወጣ የቻይና ልጅ የቶፉ ሻጩ ጣውላ ሥር ያንን ውሃ አይቶታል። ግጥሙ ያንን ያየውን ነገር ወስዶ «ፈርቶ እኮ ነው» አለው። ወጥ ቤቱ፣ ገበያው፣ የንጉሥ ግቢው ሥርዓት፣ የቲያትሩ ውጊያ፣ የቋንቋው አባባል፣ የጂንግ እምነት፤ ይሄ ሁሉ በጥቂት ገጽ ውስጥ አለፈ። «ባህላችን ይህን ይመስላል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የለም።

አሁን ወደ ወላጆቹ ቅሬታ ልመለስ። እነሱ ብቻቸውን አይደሉም። የቻይና ወላጆችም ለዘመናት ያሉት ይሄንኑ ነው። በሶንግ ነገሥታት ዘመን፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጻፈ የሚነገርለት «የሦስት ፊደል መጽሐፍ» የሚባል የሕፃናት መማሪያ አለ። እያንዳንዱ ሐረግ ሦስት ፊደል ነው። ልጆች ለብዙ መቶ ዓመታት በቃላቸው ሲያነበንቡት ኖረዋል። ማብቂያው ላይ «ትጋት ፍሬ አለው፤ ጨዋታ ጥቅም የለውም» ይላል። የሚገርመው መጽሐፉ ራሱ እንደ ዘፈን የሚዜም መሆኑ ነው። ጨዋታን የሚያወግዘውም ቢሆን ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ለመግባት ጨዋታን መለመን ነበረበት። በአማርኛ «ጨዋ» እና «ጨዋታ» ጎን ለጎን የተቀመጡ ቃላት ናቸው። ወላጅ የመጀመሪያውን ይፈልጋል፤ ልጅ ሁለተኛውን። ቻይናም ውስጥ ጠቡ ይኸው ነው።

ይህን ጠብ ከማንም አብልጦ የጻፈው ሉ ሹን ነው። የዘመናዊ የቻይና ሥነ ጽሑፍ አባት የሚባለው ማለት ነው። በልጅነቱ የራሱ ብሎ ያገኘው የመጀመሪያ የሥዕል መጽሐፍ ከአንድ የቤተሰብ ትልቅ ሰው የተሰጠው ነበር። ወላጆቻቸውን በማክበር ስማቸው ስለተጠራ ሃያ አራት ልጆች ይተርካል። እ.ኤ.አ. በ1926 በጻፈው ትዝታ ሥዕሎቹ ምን እንዳደረጉት ይናገራል። አንደኛው ሥዕል ጉዎ ጁ የሚባል ድሃ ነው። እናቱ የምትበላው እንዳያንስ የ3 ዓመት ልጁን ሊቀብር ጉድጓድ ይቆፍራል። ሲቆፍር ወርቅ ያገኛል፤ ልጁ ይተርፋል። መልእክቱ ለእናት መታዘዝ ነው። ትንሹ ሉ ሹን ግን የያዘው ሌላ ነገር ነው። ቤታቸው እየደኸየ ነበር። አባቱ ጉዎ ጁን ሊመስል ቢነሳ የሚቀበረው ማን ሊሆን ነው? ከዚያ ወዲያ ሽበታም አያቱን ባየ ቁጥር ፍርሃት ፍርሃት አለው።

ሌላው ሥዕል ላኦ ላይዝ ነው። ዕድሜው 70 ሆኖ ወላጆቹን ለማስደሰት ባለ ቀለም ልብስ ለብሶ፣ የሕፃን መጫወቻ ከበሮ ይዞ ይንከባለላል። ሉ ሹን ይሄን አምርሮ ጠላው። እኚህ ሽማግሌ በእጃቸው መያዝ ያለባቸው ከዘራ ነው አለ። ልጅ እያለ የገባው ነገር ትልቅ ነው፤ የውሸት ጨዋታን ልጅ ያውቀዋል። ለትምህርት ሲባል የተቀመጠ ጨዋታ ወዲያው ይሸተዋል።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1925፣ ስለ ካይት (በክር ታስሮ በነፋስ የሚበር የወረቀት መጫወቻ) የጻፈው አጭር ጽሑፍ ደግሞ አለ። ተራኪው ወጣት ሳለ ካይት ማብረር የሰነፍ ልጅ ሥራ ይመስለው ነበር። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሙን በዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ያገኘዋል። በሽተኛ የሆነ፣ ዕድሜው አሥር ዓመት ገደማ የሆነ ልጅ ነው። ተደብቆ የቢራቢሮ ካይት እየሠራ ነው። ሊጨርስ ምንም አልቀረውም። ታላቅየው የቢራቢሮውን ክንፍ ሰብሮ ረጋግጦት ወጣ። ዓመታት አለፉ። አንድ የውጭ አገር መጽሐፍ እጁ ገባ፤ ጨዋታ ለልጅ ትክክለኛ ተግባሩ እንደሆነ፣ መጫወቻም የልጅ መልአክ እንደሆነ አነበበ። ያ ቀን መጣበት። ወንድሙን ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ። ወንድምየው በመገረም ፈገግ አለ። «እንዲህ ያለ ነገር ተፈጥሮ ያውቃል?» ረስቶታል። የረሳው ሰው ምን ብሎ ይቅር ይላል? ይህን ጽሑፍ ለሁለቱ ወላጆች ቢያነቡላቸው ከኔ ማብራሪያ ይበልጣል።

የሚገርመው፣ መጽሐፍ ጨዋታን ሲያወግዝ ሥዕል ግን ሲያሞጋግሰው ነው የኖረው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሱ ሃንቼን የታወቀው ልጆች ሲጫወቱ በመሣል ነው። ታይፔ በሚገኘው የቤተ መንግሥት ሙዚየም ያለ አንድ ሥዕሉ በመከር ወራት ግቢ ውስጥ የሚጫወቱ እህትና ወንድም ያሳያል። ክብ በርጩማ ላይ ጎንበስ ብለዋል። መጫወቻቸው ከእኛ ቁርቁራ ጋር የሚዛመደው የቻይና ፍሬ ነው። አንዱ ፍሬ ለሁለት ተገምጦ ዘሩ ወደ ላይ ወጣ ብሏል። በሦስት እንጨት ቆሟል። ቀጭን የቀርከሃ ስንጥር በጫፍና ጫፉ ፍሬ ተሰክቶበት ዘሩ ላይ ተቀምጧል። ቀስ ብለው እየገፉ ያሽከረክሩታል። የጣለ ተሸነፈ። ሥዕሉን ብቻ አይቶ ዛሬ መጫወቻውን መሥራት ይቻላል። ከክፍልዎ ልጆች ጋር ይሞክሩት፤ ቁርቁራ ቢጠፋ ድንች ይሆናል።

ወደ ዘመናችን ስንቀርብ ደግሞ ልጆችን በመሣል የታወቀው ፌንግ ዚካይ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 1975 የኖረ። በጥቂት የብሩሽ ምት የራሱን ልጆች ይሥል ነበር። አንደኛው ላይ ሴት ልጁ አባኦ የታናሿን አዲስ ጫማና ከራሷ እግር ያወለቀችውን ለበርጩማው አራት እግር አልብሳለች። «አባኦ ሁለት እግር፣ በርጩማ አራት እግር!» ትላለች። አባቷ ስለዚያ ምሽት ሲጽፍ እናትየው «ካልሲሽ ቆሸሸ!» ብላ እየጮኸች ልጅቷን አፈፍ አድርጋ እንደወሰደቻትና የፈጠራ ሥራዋን እንዳፈረሰችባት ያነሳል። ያቺን ጩኸት በየቤታችን እናውቃታለን፤ እኔም ብዙ ጊዜ ጮኬያታለሁ። ዛሬ ለቻይንኛ የሥዕል መጻሕፍት የሚሰጠው ሽልማት በስሙ ይጠራል። መቀመጫው ሆንግ ኮንግ ነው።

የመጀመሪያውን፣ እ.ኤ.አ. የ2009ኙን ሽልማት ያሸነፈው ዩ ሊቾንግ የጻፈችው፣ ጁ ቼንግሊያንግ የሣለው ስለ አዲስ ዓመት የሚያወራ መጽሐፍ ነው። ምናልባት በስጦታ ከደረሷችሁ መጻሕፍት መካከል ይኖራል፤ ይፈልጉት። አባት ሩቅ አገር ቤት ይገነባል። የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው። ሲመጣ ልጁ ማኦማኦ አታውቀውም፤ ታለቅሳለች። ማታ ከሩዝ ዱቄት ድብልብል ሲሠሩ አባት አንዱ ውስጥ ሳንቲም ይደብቃል። የደረሰው ሰው ዕድለኛ ነው። ሳንቲሙ ለማኦማኦ ይደርሳታል። በረዶ ላይ ስትጫወት ይጠፋባታል። አባቷ ሌላ ልስጥሽ ይላል፤ እሷ ያንኑ ነው የምትፈልገው። ማታ ልብሷን ስታወልቅ ከኮቷ ይወድቃል። አባቷ ሊሄድ ሲል መልሳ ለእሱ ትሰጠዋለች።

ይሄ ሁሉ የሚዞረው በአንድ የበዓል ጨዋታ ዙሪያ ነው፤ ሳንቲሙን ማን ነከሰው? ጨዋታው ደግሞ የአባትና የልጅን ናፍቆት ተሸክሟል። እናቷ ዓረብ አገር የምትሠራ ልጅ ክፍልዎ ውስጥ ካለች ይህን መጽሐፍ ያለ ማንም አስተርጓሚ ትረዳዋለች። ሲያነቡት ግን አጠገቧ ቢቀመጡ ይሻላል።

ሁሉም የቻይና መጽሐፍ እንዲህ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ብዙው አሰልቺ ነው። አንድ ዓይነት አለ፣ ከሩቁ የማውቀው። ልጅቷ «አያቴ፣ ዛሬ ለምንድነው በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ የምንበላው?» ትላለች። አያቷ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ባለቅኔው ቹ ዩዋን ታወራለች። ልጅቷ «ባህላችን እንዴት ደስ ይላል!» ትላለች። የትኛዋ ልጅ ናት እንዲህ የምትናገረው? ሥዕሉ ያምራል፣ ፋኖሱ ቀይ ነው፣ በመቀስ የተቀረጸው የወረቀት ጌጥ አለ። የላኦ ላይዝ ከበሮ ነው። አነስ ያለ ነገር ይበቃ ነበር። ለምሳሌ በጋ ገባ በሚባልበት ቀን ልጆች የተቀቀለ እንቁላል በክር መረብ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይወጡና የማን እንቁላል ጠንካራ እንደሆነ ያጋጫሉ። እንቁላሉ የተሰነጠቀበት ልጅ ፊት የተሣለበት አንድ ገጽ ይበቃል።

እኔ መጽሐፍ ስመርጥ የማየው አንድ ነገር ነው። ከተዘጋ በኋላ ልጁ የሚያደርገው ነገር ቀረ ወይ? ጫማ ለበርጩማ ያለብሳል? ሳንቲም ይደብቃል? በቆልት ሆኖ ይንበረከካል? ከቀረ ተሻግሯል። ካልቀረ ያነበብነው የጉብኝት በራሪ ወረቀት ነው። ለዚህ ነው ቀጥታ ማብራሪያ ከማንበብዎ በፊት እንዳይሰጡ የምመክረው። «ዛሬ ስለ ቻይና ባህል እናያለን» ካሉ በኋላ ቶፉው ቢሸናም የሚስቅ አይኖርም። ልጅ ሲጠይቅ ይመልሱ፣ በጠየቀው ልክ።

ትርጉሙን በተመለከተ ለጎረቤትዎ ሁለት ነገር ይንገሩልኝ። አንደኛ፣ ግጥሙ ቤት ይምታ። ቃል በቃል ትክክል ከሚሆንና ከሚደርቅ ትንሽ ቢዛባና ቢዜም ይሻላል። እርግጥ የማይሻገር ነገር ይኖራል። ቻይናዎች በአዲስ ዓመት «ፉ» የሚለውን የበረከት ፊደል ዘቅዝቀው በር ላይ የሚለጥፉት «ተዘቀዘቀ» እና «ደረሰ» የሚሉት ቃላት አንድ ድምፅ ስላላቸው ነው። እንግዳ ገብቶ «በረከታችሁ ተዘቅዝቋል» ሲል «በረከታችሁ ደርሷል» ማለቱ ነው። ይሄን በአማርኛ ማምጣት አይቻልም። ይዘለል፣ ወይም ፊደሉን ዘቅዝቀው ይለጥፉና ልጆቹ ለምን ብለው እስኪጠይቁ ይጠብቁ።

ሁለተኛ፣ እንግዳውን ነገር በምናውቀው አትቀይረው። እኔ ተሳስቼ አውቃለሁ። ይህንኑ የአትክልት ጦርነት ለእህቴ ልጅ ሳነብላት የሎተስ ሥር አታውቅም ብዬ የጠላቱን ንጉሥ ድንች አደረግኩት። እሱም ያው ከአፈር ውስጥ ነው የሚወጣው፣ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝና መጨረሻው ላይ «ድንች እኮ እዚያው ግቢ ነው ያለው። ለምንድነው ደብዳቤ የጻፈው? ለምን ሄዶ አይነግራቸውም?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ወረቀት አመጣሁና ኩሬ ሣልኩላት። ኩሬው ሥር ጭቃ፣ ጭቃው ውስጥ ወፍራም ሥር፣ ሲቆረጥ ዙሪያውን ቀዳዳ ቀዳዳ። ቀዳዳዎቹን ቆጠረች። ከዚያ «እሺ፣ አሁን እንደገና ከመጀመሪያው» አለች።